የተቆረጠ ፍሬና የተቆረጠ ጣት፦ በጌዴኦ የቡና ማዘጋጃዎች የማሽን ጉዳትና የተጎጂ ሠራተኞች መብት ታሪክ

መግቢያ

ሬኮ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ አካባቢ የምትገኝ የቡና አገር ናት። ስሟ ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ ስም ጋር ተያይዞ በሩቅ አገር የቡና መሸጫዎች ይነበባል። ከዚህ አካባቢ የሚወጣ የታጠበ ቡና ወደ ውጭ ገበያ ከመላኩ በፊት ናሙናው በጥንቃቄ ይመረመራል። የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ በነፍሳት የተበላው፣ በመፈልፈያው ማሽን የተቆረጠው ፍሬ በየዓይነቱ እየተለየ ይቆጠራል፤ ቁጥሩም የቡናውን ደረጃና ዋጋ ይወስናል። ለስሙም ጥበቃ ተደርጎለታል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ባደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋር ከስምምነት ደርሷል።

ፍሬውን የቆረጠው ማሽን ግን አንዳንድ ጊዜ ጣትም ይቆርጣል። የተቆረጠው ፍሬ ቁጥር በደረጃ ሰነድ ላይ ሲሰፍር፣ የተቆረጠው ጣት በጤና ተቋሙ ካርድ ላይ «የእጅ ቁስል» ከሚል ሁለት ቃል በላይ ሳይጻፍለት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በእነዚህ ሁለት መዝገቦች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ታሪክ በዓለምም ሆነ በኢትዮጵያ ሲመረመር አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል፤ ሕግ ለተጎጂው የሰጠው መብት ወደ ተግባር የተለወጠው ጉዳቱ ከሥራው ጋር ተያይዞ በተመዘገበበት ቦታ ነው። መዝገቡን የሚከፍተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጤና ባለሙያው ነው።

ከሙቀጫ ወደ ማሽን

የጌዴኦ ሕዝብ ቡናን ከእንሰትና ከትላልቅ ዛፎች ጋር አቀናጅቶ በማልማት የታወቀ ነው። ይህ የእርሻ ሥርዓት ያረፈበት የጌዴኦ ባሕላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቀድሞው ዘመን ቡናው ከዛፉ ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቅና ጀንፈሉ በሙቀጫ ይወቀጥ ነበር። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ኃይሉ የሰው ክንድ ስለነበረ፣ የሚያደርሰው ጉዳት ከዘነዘናና ከሙቀጫ ጉዳት የሚያልፍ አልነበረም። እጅ በተጎዳ ጊዜ መሣሪያውም አብሮ ይቆማል።

ቡናው የጌዴኦን ገበሬ ከገባርነትና ከግብር ሸክም ጋር አስተሳስሮት እንደነበረ በታሪክ ይታወቃል። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የተነሳው የገበሬዎች ዓመፅ የዚህ ምሬት ውጤት ነበር። በዚያ ጊዜ ክርክሩ የፍሬው ባለቤት ማን ነው የሚል ነበር። ፍሬውን የሚያዘጋጀው እጅ ጉዳይ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከማሽኑ ጋር ነው።

እሸት ቡናን በውኃ የማዘጋጀት ዘዴ በይርጋጨፌና በአካባቢው መስፋፋት የጀመረው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመነ መንግሥት ማጠቢያዎቹ በአብዛኛው በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና በመንግሥት እጅ ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባለሀብቶችም በብዛት ገቡበት። በ1994 ዓ.ም. የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። በዚህ ሁኔታ ቀድሞ በየቤቱ ደጃፍ ይሠራ የነበረው ሥራ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ፣ ወደ ቡና መቀሸሪያና ወደ መጋዘን ተዛወረ። ገበሬውና ቤተሰቡም፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት፣ በከፊል የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኑ። ብዙዎቹ ግን ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም፤ ሌሎችም አይጠሯቸውም። ይህ የስም ጉዳይ ቀላል መስሎ ቢታይም ለተጎጂው መብት ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

ማሽኑ እጅን እንዴት ይይዛል

በኢትዮጵያ ማጠቢያ ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ የታወቀው አጋርድ የሚባለው ባለ ዲስክ የቡና መፈልፈያ ነው። እሸቱ ከላይ ካለው ማፍሰሻ ይወርዳል፤ በጉብጉብታ የተሸፈኑት ዲስኮች እየተሽከረከሩ ፍሬውን ከፊት ለፊታቸው ከተተከለው ብረት ጋር በማፋተግ ቀዩን ልጣጭ ይገፉታል። በዲስኩና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ፍሬው ይቆረጣል፤ ከሰፋ ልጣጩ ሳይወጣ ያልፋል። ስለዚህ ክፍተቱ እንደ ቡናው መጠን በየጊዜው መስተካከል አለበት። ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ሲገባበትም መጽዳት ያስፈልገዋል። አደጋው በብዛት የሚያደባው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሳይቆም ክፍተቱን ለማስተካከል ወይም የተወተፈውን ለማውጣት እጅ በሚገባበት ጊዜ።

ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ኃይል አስተላላፊው ነው። ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኙት ቺንጋና ፑሌጃ ክዳን ከሌላቸው የልብስ ጫፍን፣ ነጠላን፣ የተለቀቀ ፀጉርን ይስባሉ። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ጉዳት የጣት መቆረጥ ብቻ አይደለም፤ ቆዳ ከሥጋ እንደ ጓንት ተገፎ ይወጣል፣ የክንድ አጥንት በብዙ ቦታ ይሰበራል፣ አልፎ ተርፎም የራስ ቅል ቆዳ ይገፈፋል። ጀንፈልና የታጠበ ቡና የሚቀሸርባቸው ማሽኖች፣ እንዲሁም በዲላና በየወረዳው ከተማ የሚገኙት የእህል ወፍጮዎች ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰዓቱ ነው። የተለቀመ እሸት ሳይፈለፈል ካደረ ስለሚቦካ ጣዕሙ ይበላሻል። ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ ቡናውን ወደ ጣቢያው የሚያደርሰው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚሠራው ሌሊት፣ በደካማ ብርሃን፣ በረጠበ ወለል ላይ፣ ቀኑን ሙሉ በደከመ ሰው እጅ ነው። ለጥራቱ ተብሎ የተደነገገው ጥድፊያ ለእጁ አደጋ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት «በቸልተኝነት የደረሰ» ብሎ መግለጽ የማሽኑን ክዳን አለመኖር፣ የመብራቱን ማነስና የሥራ ሰዓቱን ርዝመት በአንድ ቃል መሰወር ነው።

ከውጭው ዓለም የተገኘ ልምድ

የሥራ ሕክምና አባት ተብሎ የሚጠራው ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሐኪም ከጥንት ጀምሮ ሕመምተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምር መክሮ ነበር፤ ይኸውም ሥራው ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ ነው። ራማዚኒ ከመረመራቸው ሠራተኞች መካከል ወፍጮ ፈጪዎችና ዳቦ ጋጋሪዎችም ይገኙበታል። የምግብ ሥራ ሠሪዎች ሕመም በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የቆየ ቦታ እንዳለው ይህ ያስረዳል።

ሕጉ ግን ወደ ሠራተኛው ወገን ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1837 አንድ የሥጋ ሻጭ ተቀጣሪ ከመጠን በላይ የተጫነ ጋሪ ተሰብሮ ጭኑን ቢሰብረው አሠሪውን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ያሳለፈው ውሳኔ በአሠሪው ወገን ነበር፤ ተቀጣሪው የሥራውን አደጋ አውቆ እንደገባበት ተቆጠረ። ይህ አስተሳሰብ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የተጎጂዎችን በር ዘግቶ ቆይቷል።

ለውጡ የጀመረው ከምዝገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሽከረከሩ ማሽኖች እንዲከለሉ ሲያዝ፣ አደጋም በደረሰ ጊዜ ለዚሁ ሥራ ለተሾመ ሐኪም እንዲነገር፣ ሐኪሙም የጉዳቱን ዓይነትና ምክንያት መርምሮ ለተቆጣጣሪው እንዲያስታውቅ ደነገገ። ካሣ የሚባለው ነገር ገና ሳይታወቅ ሐኪሙ የአደጋው ጸሐፊ ሆኖ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ጀርመን የሥራ አደጋ መድን ሕግ አወጣች። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1897 የአሠሪው ጥፋት መኖሩ ሳይመረመር ካሣ የሚከፈልበትን ሕግ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ነውን? መጠኑስ ምን ያህል ነው?» የሚለው ሆነ። ሁለቱም ጥያቄዎች የሕክምና ጥያቄዎች ናቸው።

የአሜሪካ ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አፕተን ሲንክሌር የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1906 በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ጣታቸውን የሚያጡትን፣ በብርድና በእርጥበት የሚማቅቁትን ሠራተኞች ኑሮ በልብ ወለድ አሳየ። አንባቢው የደነገጠው ግን ስለ ሠራተኛው ሳይሆን በገበታው ላይ ስለሚቀርበው ሥጋ ንጽሕና ነበር። በዚያው ዓመት የሥጋ ቁጥጥር ሕግ ወጣ፤ ሥጋው ተቆጣጣሪ አገኘ። ሥጋውን የሚቆርጡት ሠራተኞች ግን የካሣ ሕግ ለማየት ገና ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። ምግብ በሚመረትበት ቦታ ሁሉ የሸማቹ ጤና ከአምራቹ ጤና ቀድሞ ጠባቂ ማግኘቱ በቡናው ምድርም የሚታይ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ የሕጉ ጉዞ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ስትሆን በአገሪቱ ፋብሪካ የሚባል ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ፋብሪካዎችን የሚመለከት የመጀመሪያው አዋጅ የወጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በኆላንዳዊው ኤች ቪ ኤ ኩባንያ አማካይነት ማምረት ሲጀምር ታላቅ የምግብ ኢንዱስትሪ በአገሪቱ ተተከለ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በወፍጮ፣ በእንፋሎትና በሸንኮራ ቆረጣ ሥራ ላይ ተሠማሩ።

ወንጂ ለጤና ባለሙያዎች ከማሽን ጉዳት ያለፈ ትምህርት ትቷል። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ይጠጡት የነበረው የጉድጓድ ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ነበረው። ከ10 ዓመት በላይ በዚያ የኖሩ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እየደረቀ፣ አንገታቸውና ወገባቸው አልታጠፍ እያለ መጣ፤ ከፊሎቹም እስከ ሽባነት ደረሱ። ይህ ሕመም ለረጅም ጊዜ እንደ እርጅና ወይም እንደ ቁርጥማት ሊቆጠር ይችል ነበር። የሥራ ዘመን፣ የመኖሪያ መንደርና የራጅ ምስል ጎን ለጎን ተቀምጠው በሐኪሞች በተመረመሩ ጊዜ ግን የአጥንት ፍሎሮሲስ መሆኑ ተረጋገጠ። «የት ትሠራለህ? ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰዎችን ሕመም ስም ለወጠው።

የወንጂ ስኳር ሠራተኞች በ1950ዎቹ ዓ.ም. በተነሳው የሠራተኛ ማኅበራት እንቅስቃሴ ውስጥ ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውልና በሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋ ድንጋጌዎችን ይዞ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌደሬሽን ተመሠረተ፤ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ይህ አዋጅ በተለይ ያተኮረው በማኅበር መደራጀትና በጋራ ድርድር ላይ ነበር። የወቅት ሠራተኛ የሆነው፣ ማኅበርም የሌለው የገጠር ቡና አዘጋጅ ከዚህ ያገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው።

በጥር 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች በመንግሥት ተወረሱ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ታወጀ። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ነው። የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወጡ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. የራሳቸውን የጡረታ አዋጅ አገኙ፤ ይህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የሥራ ድርጅት ጤናማና አስተማማኝ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተራ አስገብቶታል።

ሕጉ ለተጎጂው ምን ይላል?

በአዋጁ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ከዚህ ኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ እንደሆነ ብቻ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና አካልን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስከማይቻል ድረስ ሰክሮ ወደ ሥራ መግባት እንደዚሁ ይቆጠራሉ። ተራ መዘንጋት፣ ድካም ወይም ጥድፊያ ግን ካሣን አያስቀሩም። አደጋው የደረሰው ከሥራ ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ወይም ከሥራ ቦታው ውጭ ቢሆንም፣ ከሥራው ጋር የተያያዘ እስከሆነ ድረስ፣ እንዲሁም አሠሪው በመደበው ማጓጓዣ ሲሄድ የደረሰ ቢሆን፣ በሕጉ ሽፋን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

በየዓመቱ በወቅት ተወስኖ የሚሠራ ሥራም በአዋጁ የታወቀ የሥራ ውል ዓይነት ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመደረጉ ብቻውን ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም። ስለዚህ ለ3 ወር መፈልፈያ ላይ የሠራ ወጣት «ቋሚ አይደለህም» ወይም «ወረቀት የለህም» ተብሎ ሊመለስ አይገባውም። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ለጤናቸውና ለሕይወታቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሠማራት አይፈቀድም።

አሠሪው ለተጎጂው ወዲያውኑ የመጀመሪያ እርዳታ እንዲያደርግ፣ ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በአቅራቢያው ወዳለ የጤና ተቋም እንዲያደርስና አደጋውን ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ይገደዳል። የጠቅላላና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት፣ እንደዚሁም የሰው ሠራሽ አካል ወጪ በእርሱ ላይ ነው። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን መጠኑ ሥልጣን ባለው የሕክምና ቦርድ በመቶኛ ይወሰናል። ቦርዱ በተቻለ መጠን ይህን የሚያደርገው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ12 ወራት ውስጥ ነው። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዙ በካሣ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መጠን ይሰላል። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ 20 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ቢወሰንለት፣ የዓመቱ ደመወዝ 36,000 ብር፣ የ5 ዓመቱ 180,000 ብር፣ የካሣው መጠንም 36,000 ብር ይሆናል። የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም ከባድ የመልክ ወይም የአካል መበላሸት ያደረሰ ጉዳት ለካሣ ሲባል እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። በቺንጋ የራስ ቆዳዋ የተገፈፈ ሴት ጉዳይ በዚህ ድንጋጌ ሥር ሊታይ የሚችል ነው።

ይህ ሁሉ ግን ጊዜ አለው። ሕጉ የተለየ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በለቀማ ወቅት ተጎድቶ ቁስሉ እስኪድን ቤቱ የተኛ፣ ከዚያም «ለመጪው ወቅት ሥራ እንሰጥሃለን» በሚል ተስፋ የቆየ ሰው የሚቀጥለው እሸት ሲቀላ መብቱ አብሮ ሊያልፍበት ይችላል።

መብቱ የሚጀምረው ከካርዱ ነው

ከሬኮ ወይም ከሌላ የገጠር ቀበሌ የተነሳ ተጎጂ በተለመደው የቅብብሎሽ ሥርዓት መጀመሪያ የሚያገኘው ጤና ኬላን ወይም ጤና ጣቢያን ነው፤ ከዚያም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ተጎጂውን የሚቀበለው እያንዳንዱ ባለሙያ ሁለት ሥራ አለበት፤ አንዱ እጁን ማዳን፣ ሁለተኛው ምስክርነቱን ማዳን።

እጁን በማዳን በኩል መሠረታዊው ነገር ከጣቢያው ይጀምራል። ማሽኑ መጀመሪያ ከኃይል መላቀቅ አለበት፤ የተያዘን እጅ ለማውጣት ማሽኑን በሞተር ወደ ኋላ ማዞር ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ክዳኑንና ዲስኩን መፍታት ይመረጣል። ደሙ ቀጥታ በመጫን ይገታል፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ከሆነ ማሰሪያ ይደረጋል፣ የታሰረበትም ሰዓት ይጻፋል። የተቆረጠው ክፍል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ታሽጎ፣ በበረዶ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በቀጥታ በበረዶ ላይ አይደረግም። መልሶ መስፋት በማይቻልበት ቦታ እንኳ ቆዳው ቁስሉን ለመሸፈን ሊያገለግል ይችላል። የቡና ልጣጭና ጭቃ የገባበት ቁስል በብዙ ውኃ መታጠብ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም መሰጠት ይኖርበታል። ተጨፍልቆ ያበጠ ክንድ ሲያጋጥም በጡንቻ ክፍሎች ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት መከታተል አስፈላጊ ነው።

ምስክርነቱን ማዳን ደግሞ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ሠራተኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ በየትኛው ማሽን፣ ምን ሲያደርግ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ በማን ድርጅት ውስጥ እንደተጎዳ በራሱ ቃል ይጻፋል። የሚሠራበት እጅ ቀኙ ወይም ግራው መሆኑ ይመዘገባል። የተቆረጠው በየትኛው ጣት፣ በየትኛው አንጓ እንደሆነ፣ የቀረው መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ የስሜትና የመጨበጥ ኃይል መጠን ይገለጻል። አውራ ጣት ከእጅ አገልግሎት 40 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ በቀዶ ሕክምና ዘንድ የሚታመን በመሆኑ፣ «አንድ ጣት ተቆርጧል» የሚል አጻጻፍ ለቦርዱ ምንም አይነግረውም። ቀላል የእጅ ሥዕል ብዙ ቃል ይተካል።

ከመጻፍ መቆጠብ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። «በራሱ ጥፋት»፣ «በቸልተኝነት»፣ «ጠጥቶ ነበር» የሚሉ ቃላት ባለሙያው ያልመረመረውን ነገር እንደ ምስክር የሚያጸኑ ናቸው። የአሠሪው ኃላፊነት የሚቀርበት ጠባብ በር ስካርና ሆን ተብሎ የተደረገ ጥፋት በመሆኑ፣ ካመጣው ሰው አፍ ተሰምቶ የተጻፈ አንድ ቃል የተጎጂውን ካሣ ሊያስቀር ይችላል። የመጠጥ ምልክት በምርመራ ከታየ የታየው ነገር ራሱ ይጻፋል፤ ካልታየ ግን ወሬን ወደ ካርድ ማስተላለፍ ተገቢ አይደለም። ተጎጂውን ያመጣው የድርጅቱ ሰው በሚሆንበት ጊዜ የጉዳቱን ታሪክ ከተጎጂው ለብቻው መስማት ይበጃል።

ተጎጂው ጣቢያውን ለቆ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ነገር ቢነገረው ብዙ ይጠቅመዋል፤ የካርዱን ቁጥር እንዲይዝ፣ ቀጠሮውን እንዳያቋርጥ፣ ቁስሉ ሲድን ለሕክምና ቦርድ መቅረብ እንደሚችል፣ በወረዳው የሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት እንዳለ፣ ጊዜውም እንደሚያልፍ። በጌዴኦፋ ለሚናገር ሰው ይህን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ከሕክምናው ሥራ የተለየ አይደለም።

መደምደሚያ

ከራማዚኒ ጥያቄ እስከ እንግሊዝ የፋብሪካ ሐኪሞች፣ ከወንጂ የራጅ ምስሎች እስከ ዛሬው የሕክምና ቦርድ ድረስ የተጎጂ ሠራተኛ መብት የተራመደው ሕግ አውጪው በደነገገው መጠን ብቻ ሳይሆን የጤና ባለሙያው በመዘገበው መጠን ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው፤ የተጎጂው ልጆች የሚወርሱት ካሣ የሚገኘው ከተጻፈው ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ የተመዘገቡ የእጅ ጉዳቶች በማሽኑ ዓይነትና በሰዓቱ ተለይተው ቢደመሩ፣ የትኛው መፈልፈያ ክዳን እንደጎደለው፣ የትኛውም ሌሊት መብራት እንደሚያስፈልገው ለወረዳውና ለድርጅቱ ባለቤት ማሳየት ይቻላል። ለቺንጋ የሚደረግ የቆርቆሮ ክዳን ከአንድ የተቆረጠ እጅ ሕክምናና ካሣ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። የሬኮ ቡና በመፈልፈያ የተቆረጠው ፍሬ ሁሉ ተቆጥሮለት ወደ ገበያ ይወጣል። ያንኑ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች የደረሰባቸው ጉዳትም በዚያው ጥንቃቄ ሊቆጠርላቸው ይገባል።